ሱቫ ላይ ብቻ የሚወድቀው ፈተና

በነፃ የሚሰጥ ነገር እንደነገሩ ቢሠራም ችግር የለውም የሚል ሰው ካለ፣ ከብሪዮኒ ጋር ባይገናኝ ይሻለዋል። ሆባርት ወደብ አጠገብ ባለች ጠባብ ቢሮዋ የምትሠራው የባሕር ሙላት ሰዓት፣ ማለትም ውሃው ከፍ የሚልበትን ጊዜ፣ የሚያሰላ ፕሮግራም ነው። ምንጭ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ማንም አይከፍልበትም። በትንንሽ ጀልባ የሚወጡ ዓሣ አጥማጆች ግን ሕይወታቸውን አደራ ይሰጡታል።

ደንቡ አንድ ነው። ሁለት ሰዎች በየራሳቸው ማሽን ኮዱን ከምንጩ ገንብተው፣ ፈትነው፣ ሁለቱም ካልፈረሙ አዲስ እትም አይለቀቅም። አንዷ እሷ ናት። ሁለተኛው ፊጂ፣ ሱቫ ያለው ሴሬማያ ነው። አራት ዓመት አብረው ሲሠሩ በአካል ተያይተው አያውቁም። ሆኖም የእሱ መልእክት ያልገባበት ቀን ለብሪዮኒ ቀን አልነበረም። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ለራሷም ቢሆን።

ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ፈተና እሱ ማሽን ላይ ሲወድቅ፣ እሷ ጋ ሲያልፍ ሰነበተ። እሱ ጋ ፕሮግራሙ እኩለ ሌሊት ገደማ የሚመጣውን ሙላት በአንድ ቀን ያዛባዋል። ምክንያቱን ሁለቱም አላገኙትም። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ግን መልእክት መጣ፦ «ሁሉም አልፏል፣ አለቃ። እኔ ፈርሜያለሁ።»

ኮዱን ማንም አልነካውም። ታዲያ ምን አዳነው? ብሪዮኒ ግራ ገብቷት የላከውን የፈተና መዝገብ ከላይ እስከ ታች አነበበች። የእሱ ማሽን የሚቆጥረው የሱቫን ሳይሆን የሆባርትን ሰዓት ነው። ደሟ ፈላ። ደወለች።

«ሰዓትህን ቀይረህ ነው ያሳለፍከው?»

«እኔ አልቀየርኩትም።»

«በፈተና የሚዋሽ ሰው በምን አይዋሽም? አልፈርምም። ካንተ ጋር መሥራትም አልፈልግም።»

በስልኩ ውስጥ የመርከብ ጡሩንባ ተሰማት። ያንኑ ጡሩንባ በመስኮቷም ሰማችው።

ስልኩን ከጆሮዋ አውርዳ አየችው፤ መልሳ ያዘችው።

«የት ነው ያለኸው?»

«እዚህ ወደባችሁ ላይ፣ ጀልባ ላይ ዓሣ ጠብሰው ከሚሸጡት ጎን። ላፕቶፑ እዚህ ስደርስ ሰዓቱን ራሱ ቀየረ። እትሙ ሲወጣ ልነግርሽ ነበር... ድንገት ነው የመጣሁት። ማለቴ፣ ሦስት ወር አስቤበታለሁ።»

ወደ ወደቡ ወረደች። በሐሳቧ ከሳለችው አጠር ይላል፤ ብርዱ አፍንጫውን አቅልቶታል።

«ልትሰድቢኝ ነው የመጣሽው?»

«አላውቅም» አለች። እውነቷን ነበር። «ሁለት ጃኬት ደርበሃል።»

«ሦስት ነው። አንዱ ከውስጥ ነው።»

ልትስቅ ነበር፤ ዋጠችው። «ስህተቱ እኮ አልጠፋም። የናንተን አጥማጆች ነው የሚያሳስተው። ምክንያቱ የሰዓት ልዩነት ነበር፤ አንተ ደግሞ ሳታጣራ ፈረምክ።»

«ፊርማዬን አነሳለሁ። አንቺ ያለሽበት ከተማ ገብቼ ምኑን አጣራለሁ?»

ብሪዮኒ ወደ ባሕሩ ዞረች። ቁጣዋን ፈለገችው፤ የት እንደሄደ አጣችው።

«ሱቫ መጥቼ እዚያው ልፈትነው እፈልጋለሁ።»

አሁን ግራ የተጋባው እሱ ሆነ። «ለዚህማ የማሽንሽን ሰዓት ወደ ሱቫ ብትቀይሪው ይበቃል እኮ።»

«አውቃለሁ» አለችው።