በነፋሱ ወገን የሚቀመጠው

መንበረ ከሥራ የምትወጣው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። ቀኑን ሙሉ በዓሣ ማቀዝቀዣው ክፍል ውስጥ ወፍራም ካፖርት ደርባ የበረዶውን ቅዝቃዜ ትለካለች፤ የዓሣውን ስንጥብ ገልጣ እያሸተተች «ያልፋል»፣ «አያልፍም» ትላለች። ከዚያ ካፖርቱን ሰቅላ የብረቱን በር ስትከፍት፣ የከተማዋ ሙቀት ከጨው ሽታና ከበሰበሰ የባሕር ሣር ሽታ ጋር መጥቶ ፊቷ ላይ ይለጠፋል። ወደዚህች የታንዛኒያ የባሕር ዳር ከተማ ከመጣች ሰባት ወር ሆኗታል። የመጣችው ባሏ ገዛኸኝ በሞተ በአራተኛው ወር ነው። በለቅሶው ሰው ሁሉ ደረቱን ሲደቃ እሷ ደረቅ ዓይኗን ይዛ ተቀምጣ ነበር። «ደንግጣ ነው» አሉ ጎረቤቶቿ። ድንጋጤው ካለፈም በኋላ ግን እንባ አልመጣም፤ ሳቁም፣ ቁጣውም፣ የምግቡም ጣዕም የሆነ ቦታ ቀርቶ እሷ ብቻ መንገዷን ቀጠለች።

ምዜ ባካሪን ያገኘቻቸው አንድ ቀን በባሕሩ ዳር ወደ ቤቷ ስትመለስ ነው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ዓሣ አጥማጅ ናቸው፤ «ምዜ» በስዋሂሊ ለሽማግሌ የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ነው። ከማንጎ ግንድ ከተቦረቦረች፣ ግራና ቀኝ እንደ ክንፍ የተዘረጋ እንጨት ካላት ጠባብ ጀልባቸው ጋር ሲታገሉ ደረሰችና «ልጄ፣ እስቲ ይቺን ገመድ ያዢልኝ» አሏት። ያዘች። በዚያው ቅጽበት ሸራው ነፋስ ሞላና ገመዱ መዳፏን ጎተተው። ደስታ አልነበረም፤ መጎተት ብቻ ነበር። ቢሆንም ከገዛኸኝ ሞት ወዲህ የተሰማት የመጀመሪያ ነገር ስለነበረ በማግስቱ ተመልሳ መጣች።

በሁለት ወር ውስጥ መሪውን መያዝ፣ ነፋሱን በጉንጯ ማወቅ፣ ሸራውን ማዞር ለመደች። ምዜ ባካሪ የሚደጋግሙት አንድ ነገር ነበር፦ «ነፋሱ ሲበረታ፣ ነፋሱ በሚመጣበት ወገን ካለው ክንፍ ላይ አንድ ሰው ወጥቶ ይቀመጣል። በክብደቱ ጀልባዋን ያቆማታል። እሱ ከሌለ ሸራሽን አሳንሺ፤ አለበለዚያ ትገለበጫለሽ።» እዚያ የሚቀመጡት እሳቸው ነበሩ። ጉልበታቸው ሲያማቸው ግን ብቻዋን እንድትወጣ ፈቀዱላት።

ብቻዋን በወጣች በመጀመሪያው ቀን ድንገተኛ ነፋስ መታት። ሸራውን ለማላላት እጇ ዘገየ። ጀልባዋ መገልበጥ ሲገባት አልተገለበጠችም፤ በነፋሱ ወገን ያለው ክንፍ አንድ ሰው እንደወጣበት ሁሉ ረጋ ብሎ ወረደ፣ ውሃውንም ነካ። መንበረ ዕድል ነው ብላ አለፈችው። በሦስተኛው ቀን ድምፁን ሰማች፤ ከክንፉ ሥር ውሃው እንጨት ላይ ሲመታ እንደሚያሰማው ጠፍ ጠፍ ያለ ድምፅ ሳይሆን፣ በተንጠለጠሉ እግሮች ዙሪያ እየተከፈለ ሲያልፍ የሚያሰማው ለስላሳ የመንሾካሾክ ድምፅ። በአምስተኛው ቀን፣ አናት በሚበሳ ፀሐይ መካከል፣ የማቀዝቀዣው ክፍል ሽታ መጣ፤ የበረዶና የብረት፣ የቆየ ዓሣም ሽታ። ልብሷን አሸተተች። ከልብሷ አልነበረም።

በተመለሰች ቁጥር ምዜ ባካሪ ጀልባዋን ወደ አሸዋው እየጎተቱ «ካሪቡኒ!» ይሏታል። በስዋሂሊ እንኳን ደህና መጣችሁ እንደማለት ነው። መንበረ «እናንተ» የሚለውን እንደ አገሯ አንቱታ ቆጥራ ዝም ብላ ትቀበለው ነበር። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ይህንኑ ለሥራ ባልደረባዋ ለዙሌኻ ነገረቻት።

ዙሌኻ ሳቀች። «የምን አክብሮት? ለአንድ ሰው ካሪቡ ነው የሚባለው። ካሪቡኒ የሚሉሽ ሁለት ስለሆናችሁ ነዋ። ማን ነው አብሮሽ የሚወጣው?»

መንበረ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች። ሐሙስ ዕለት ነበር። ከሥራ በኋላ ስትወጣ ነፋሱ ከባድ ነበርና ማዕበሉ ጀልባዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ አራሰው። ስትመለስ ከመውረዷ በፊት በነፋሱ ወገን ያለውን ክንፍ ተመለከተችው። እንጨቱ ሁሉ ውሃ ያንጠባጥብ ነበር፤ መሐሉ ላይ ግን አንድ ሰው የሚቀመጥበትን ያህል ቦታ ደረቅ ነበር።

«ጓደኛሽ ዛሬም ከክንፉ ሳትወርድ ቀረች?» አሉ ምዜ ባካሪ፣ ዓይናቸውን በእጃቸው ከፀሐዩ ጋርደው። «እንዴት ያለች ጎበዝ ናት! በዚህ ነፋስ ሙሉ ሸራ!»

«ምዜ፣ እኔ ጓደኛ የለኝም። ብቻዬን ነው የምወጣው።»

ሽማግሌው እጃቸውን ከግንባራቸው ቀስ ብለው አወረዱ። ጀልባዋን አዩ፣ እሷን አዩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እንግዲያው ለጊዜው ተዪው፣ ልጄ» አሏት። «እኔ እስክልሽ አትውጪ።»

መንበረ ልቧ በፍርሃት እስኪመታ ጠበቀች። ልቧ ግን የበረዶውን ልክ ስትመዘግብ እንደሚመታው ነበር የሚመታው።

በማግስቱ ዓርብ በእኩለ ቀን፣ ምዜ ባካሪ ለጁምዓ ሶላት መስጊድ ገብተው ሳለ ሥራዋን ትታ መጥታ ጀልባዋን ፈታች። መዳፏ የገመዱን መጎተት ፈልጎ ነበር። ባሕሩ ነጭ ነበር፤ ብርሃኑ ዓይን ያሳውራል። ከዳርቻው ርቃ ስትሄድ ነፋሱ በረታ፣ እሷ ሸራውን አላሳነሰችም። ክንፉ ወረደ። ውሃው በእግሮች ዙሪያ መንሾካሾክ ጀመረ። ቀና ብላ አላየችም።

«ደክሞኛል» አለች በአማርኛ። ከወራት በኋላ ጮክ ብላ የተናገረችው የመጀመሪያ አማርኛ ነበር። «እስቲ አንቺ ያዢው።»

የቅዝቃዜው ሽታ ከክንፉ ተነስቶ ወደ እሷ መጣ፣ ቀረበ፣ አጠገቧም ደርሶ ቆመ። መሪውን በያዘው እጇ ላይ እርጥብና ቀዝቃዛ የሆነ ነገር አረፈ፤ ጣቶቹ እንዳይጎዷት የተጠነቀቁ ይመስሉ ነበር። ሸራው ዞረና ጥላው በላይዋ ወደቀ፤ ጥላው የማቀዝቀዣው በር ከውጭ ሲዘጋ እንደሚፈጠረው ያለ ድፍን ጨለማ ነበር። ሲያልፍ እግሮቿ ውሃ ውስጥ ነበሩ። በክንፉ ላይ ተቀምጣለች፤ ፊቷ ወደ ባሕሩ ነው። ልትነሳ ሞከረች፤ ሰውነቷ ከእንጨቱ ጋር የተሰፋ ያህል ከበዳት። ከኋላዋ ጀልባዋ በአንድ ንጹሕ ቅስት ዞረች፣ መንበረ አንድም ቀን እንዲህ አሳምራ አዙራት አታውቅም፤ ከዚያም ወደ ዳርቻው ገሠገሠች።

ምዜ ባካሪ የነጭ ቀሚሳቸውን ጫፍ ሰብስበው እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ገብተው ይጠብቁ ነበር። ክንፉን አዩት፣ ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ። መንበረ «ምዜ!» አለች። ዓይናቸው በላይዋ አልፎ ሄደ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ፣ ወደ መሪው ዞረው። «ማንም የለም። አስፈራሽኝ እኮ፣ ልጄ።»

ከመሪው በኩል መልኳ የራሷ የመንበረ የሆነ ሴት ወደ ውሃው ወረደች። መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረና «ገዛኸኝ» አለች፣ «ባሌ ሞተብኝ፣ ምዜ፣ ሞተብኝ እኮ!» እያለች ደረቷን እየደቃች ታለቅስ ጀመር። ሽማግሌው ደንግጠው ትከሻዋን አቀፉ፣ ራሷን ደባበሱ፣ ቀስ አድርገውም ወደ ከተማው ይዘዋት ሄዱ፤ መንበረም እግሮቿ ውሃ ውስጥ እንደተንጠለጠሉ፣ የገዛ ድምፅዋ በዘንባባዎቹ መካከል እያለቀሰ ሲርቅ አዳመጠች።