አንገቱን ቁረጪው

ባጃጁ አዳማ መናኸሪያ በር ላይ ቆመ። ፍሬሕይወት ከኋላ ገባች። ሾፌሩ ዲበኩሉ መልእክቷን ተቀብሎ ለላኳት ሰዎች የሚያደርስ ነው። ፊቱን አላዞረም።

«ሽመላ፣ ምርመራውን እስከ መቼ ታቆዪዋለሽ?» አላት በምስጢር ስሟ።

«እስከ ማታ። የሰውየውን የጭንቅላት ምስል ከነአንገቱ፣ ከነትከሻው አስገብቼዋለሁ። ማሽኑ ትከሻውን ከጭንቅላት ጋር ሊያገጥም ሲታገል ይውላል።»

«ሰውየውስ የት ነው?»

«አላውቅም።»

ዋሸች። ቡልቡላ ከተማ ነበር።

ሰውየው ገመዳ ይባላል። ኢሕሳን የሚባል ባለሀብት ሰው ሲገድል በዓይኑ አይቷል። በጭንቅላቱ ግራ በኩል የኢሕሳን ጥይት ስባሪ ተቀምጧል። ስሙን ቀየረ፣ ጺሙን አሳደገ፤ ስባሪው ግን አይቀየርም። ኢሕሳን የገመዳን የድሮ የጭንቅላት ምስል ይዞ አዳማ ውስጥ የምርመራ ማዕከል ከፈተ። ከስምጥ ሸለቆ ከተሞች የሚመጣውን የጭንቅላት ምስል ሁሉ ከአንድ መለኪያ ጭንቅላት ጋር እያስገጠመ ስባሪውን ይፈልጋል። ፍሬሕይወት በባለሙያ ስም የገባችው ይህን ፍለጋ ለማሰናከል ነው።

ወደ ማዕከሉ ስትመለስ ኢሕሳን ወንበሯ አጠገብ ቆሟል። ማሽኑ በጋሪ ነው እንዴ የሚሄደው ብሎ ቀለደ። ማንም አልሳቀም። ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ።

«አንገቱን ቁረጪው።»

ገመዳ ተያዘ አለች በልቧ። ኢሕሳን ግን ጣቱን ስክሪኑ ላይ አሳረፈ። የምስሉን አንገት ነበር ያላት።

አንገቱን ሳትቆርጥ ማስገባቷን የነገረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

ዲበኩሉ ሸጧታል።

«የዘገየው ማሽኑ ሳይሆን እጅሽ ነው ይላሉ» አላት ኢሕሳን። «እስቲ እናያለን።»

ቆረጠችው። ስልኩ ጠርቶ ፊቱን ሲያዞር የምስሉን ግራ ወደ ቀኝ ገለበጠችው። የአንጎል ግራና ቀኝ እንደ ሁለት መዳፍ ይመሳሰላል፤ ማሽኑ አልጠረጠረም። ወዲያው አገጠመ።

ስባሪው በቀኝ ታየ።

ኢሕሳን ሁለቱን ምስሎች ደጋግሞ አስተያየ።

«የኔ ሰው ግራውን ነው።»

«ይሄኛው ቀኝ ነው፣ አቶ ኢሕሳን።»

«ሌላ አምጪ።»

ዳነ። ግን ስባሪውን ሊያወጣ የተዘጋጀው ሐኪም የገመዳን ጭንቅላት የሚከፍተው በዚሁ ምስል ነው። ዝም ብትል ደህናውን ጎን ይከፍቱታል። ብትደውል ትታወቃለች።

ሽንት ቤት ገብታ ለገመዳ ደወለች።

«በዚያ ምስል እንዳትከፈት። ሌላ አስነሣ። አሁኑኑ ከቡልቡላ ውጣ።»

ስልኩን ሰብራ በጓሮ በር ወጣች። ከዚያ በኋላ አዳማ አላያትም።

ዛሬ ወለንጪቲ ገበያ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት አለች። ቦንቱ ይሏታል። አንድ ቅዳሜ ሚዛን ስታነሣ ባጃጅ ከኋላዋ ቆመ።

«ፍሬሕይወት» አለ የዲበኩሉ ድምፅ።

አንገቷ ሊዞር ቃጣው።

አልዞረችም። ሽንኩርቱን መዘነች።