የማሽላው ጉድጓድና ጉንዳኖቹ

ለክቡራን አንባቢያን ሁሉ! ዛሬ ረፋድ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከሮቢት ወጣ ባለች አንዲት መንደር፣ ሕግ በሾማት መርማሪ አማካኝነት የጉንዳን ቆጠራ በይፋ መጀመሩ ይታወቅ።

ቆጣሪዋ ኢንስፔክተር ሸዋዬ ናት። ማሽላ ከተቀበረበት ጉድጓድ አፍ ላይ ተንበርክካ፣ አንዴ ሰዓቷን አንዴ መሬቱን ታያለች። ከጀርባዋ የሙህዲን አስከሬን ጋቢ ለብሶ ተጋድሟል። ማሽላ ሊያወጣ ከገባ አንድ ሰዓት ቢሆነው ነው።

«ሰው ሞቶ እሷ ጉንዳን ትቆጥራለች!» አለ አንዱ።

ሸዋዬ ሰምታለች፤ መልስ የምትሰጥበት ጊዜ ግን የላትም። መንደሩ ፈርዶ ጨርሷል። የሟች እናት ሀጀራ፣ ከምራቷ ከዚነት እቅፍ የአራት ወሩን ሕፃን ልትነጥቅ ትታገላለች። «አምጪው! የልጄ ልጅ የገዳይ ጡት አይጠባም!»

«የታፈነ የእህል ጉድጓድ ትንፋሹ ይገድላል፤ ክዳኑ ተነስቶ አንድ ቀን ሳያድር የሚገባ የለም» አለች ሸዋዬ ዓይኗን ከመሬቱ ሳታነሳ።

«ለኔ ይነገረኛል?» አለ ታሂር፣ የሟች ታላቅ ወንድም። «ትናንት ጧት ከፍቼው ሲተነፍስ ውሎ አድሯል። የገደለው ጉድጓዱ አይደለም፤ እሷ ናት። ቁርሱ ላይ የነቀዝ ክኒን ጨምራበት ነው።»

«ወላሂ ዛሬ ጧት ነው የከፈተው! በዓይኔ አይቻለሁ!» የዚነት ድምፅ ተሰነጠቀ። «ማን ይመነኝ?»

«ሲገባ ማን ነበር?» አለች ሸዋዬ።

«እኔ ነበርኩ» አሉ ጎረቤቱ ሼህ አሊ። «ሙህዲን ‹ተንፍሷል ወይ?› ብሎ ጠየቀው። ታሂርም ‹ከትናንት ጀምሮ፤ ግባ› አለው። አላህ ይርሀመው፣ ገባ። ከዚያ ድምፁን አልሰማንም፤ ወገቡ ላይ በታሰረው ገመድ ጎትተን አወጣነው።»

ሸዋዬ ዶማና የሻይ ማንኪያ አስመጣች። አራት ሰዓት ላይ፣ ከጉድጓዱ ሁለት እርምጃ የሚርቀውን የጉንዳን ቤት አስቆፈረች። የተገኘውን ማሽላ ለቅማ ሰፈረች። ከዚያ ሁሉንም ሰበሰበች።

«ጉድጓዱ ሲከፈት አፉ ላይ ማሽላ ፈሷል። ጉንዳኖቹ የሚያመላልሱት እሱን ነው፤ አሁንም አልጨረሱትም። በደቂቃ አሥር ፍሬ ያስገባሉ፤ ሦስቴ ቆጠርኩ፣ ያው ነው። በሰዓት ስድስት መቶ። አንድ ማንኪያ መቶ ሃያ ፍሬ ይይዛል፤ ስለዚህ በሰዓት አምስት ማንኪያ። ትናንት ጧት ተከፍቶ ቢሆን፣ ሌሊቱንና ዛሬን ተዉትና፣ የትናንቱ አሥር ሰዓት ብቻ ሃምሳ ማንኪያ ያስገባል። እኛ ያገኘነው አሥር ነው።»

«የሁለት ሰዓት ሥራ» አሉ ሼህ አሊ ቀስ ብለው።

«አዎ። የተከፈተው ዛሬ ጧት ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ሙህዲን ሲገባ ጉድጓዱ ገና እንደታፈነ ነበር።»

«ጉንዳኑ ማሽላውን ዛሬ ቢያገኘውስ?» አለ ታሂር።

«ደጁ ላይ ፈሶለት? ትናንት ጾም ይዞ ነበር በለኛ!»

የሳቀ የለም። የሀጀራ እጅ ከሕፃኑ ላይ ተላቀቀ። አንዱ ልጇ ጋቢ ስር ነው፤ ሌላው ፊቷ ቆሟል። እየዳኸች ሄዳ እግሩን ያዘች።

«ታሂር፣ ልጄ… ምን አድርጎህ ነው? አንድ ነገር በለኝ። ውሸትም ቢሆን።»

ታሂር እጆቹን ለሸዋዬ ካቴና ዘረጋ።

«አልናገርም።»