እጅህን አታውርድ

የሚያምነኝ ያንብብ፤ የማያምነኝ መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት። እኔ በገዛ እጄ የሠራሁትን ነው የማወራው። ሐሰት ጨምሬ ራሴን የማዋርድበት ምክንያት የለኝም።

ዓርብ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።

ጨለማ የለም፣ ማዕበል የለም... ፀሐዩ አናት ይበሳል።

በሸራ ጀልባ ወደ ደሴታችን ወደ ካሪያኩ እየተመለስን ነው። ሦስት ነን። ካፒቴን ክሊዮፋስ፣ ታላቅ ወንድሜ ኦዝመንድና እኔ።

ካፒቴን የባሕርን ቋንቋ ያስተማሩን ሽማግሌ ናቸው። በተለይ ሁለት ነገር እንደ ጸሎት ያስደግሙን ነበር።

አንዱ፣ ሰው ውሃ ውስጥ ከወደቀ መጀመሪያ ያየው እጁን ዘርግቶ ይጠቁማል። ዓይኑን አይነቅልም፣ እጁን አያወርድም፣ ሌላ ሥራ የለውም። መሪውን የያዘው የሚያየው እጁን ብቻ ነው። የሰው ጭንቅላት ባሕር ላይ ከኮኮናት አይበልጥም፤ አንዴ ዞር ካልክ ጠፋ።

ሁለተኛው፣ "ስንት ሆናችሁ ወጣችሁ? ያንኑ ያህል ሆናችሁ ግቡ።" ስንነሳ ይቆጥሩናል፣ ስንደርስም ይቆጥሩናል።

ኦዝመንድ ጀልባዋ ጫፍ ላይ ቆሞ ማንጎ ይልጣል። በሁለት እጁ።

"አንተ! አንድ እጅ ለራስህ፣ አንድ እጅ ለጀልባዋ!" ጮኹበት ካፒቴን።

"ታዲያ ማንጎውን በእግሬ ልያዘው?" ብሎ ሳቀ።

ነፋሱ በድንገት ዞረ። ሸራውን ከታች የሚወጥረው ግንድ ተወርውሮ መጣና ጆሮ ግንዱን አለው...

ጓ!

"ሰው ወደቀ!" ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

አየሁት። ቀይ ኮፍያው አናቱ ላይ ነው። ደሙ በጉንጩ ይወርዳል።

"ቦቦ! እዚህ ነኝ! ቦቦ!"

ቦቦ የሚለኝ እሱ ብቻ ነው። ካፒቴን ጣቴን እያዩ ጀልባዋን ማዞር ጀመሩ። ደርሰንበታል ማለት ይቻላል... ሠላሳ ክንድ ቢቀር ነው።

ያኔ ከኋላዬ እርጥብ እግር ሲራመድ ሰማሁ።

ጠፕ... ጠፕ...

ቀዝቃዛ እጅ ትከሻዬ ላይ አረፈ።

"ማንን ነው የምትጠቁመው?"

የኦዝመንድ ድምፅ ነው።

አልዞርኩም። ዓይኔን አልነቀልኩም።

"ካፒቴን... ከኋላዬ ማነው?"

ካፒቴን ዓይናቸውን ከጣቴ ላይ አንስተው ወደ ኋላዬ አዩ።

"ወንድምህ ነው። ከኋላ የምንጎትተውን ገመድ ይዞ ወጣ።"

"ውሃ ውስጥ ያለውስ?"

"ስንት ሆነን ወጣን?"

"ሦስት።"

"አሁን ስንት ነን?"

"...ሦስት።"

"ቁጥሩ ሞልቷል። ባሕር የሰው ድምፅ ትዋሳለች፤ አባቶቻችን የነገሩንን ረሳኸው? እጅህን አውርድ።"

ውሃ ውስጥ ያለው ሰው የጀልባዋ አፍንጫ ከሱ ዞር ሲል አየ። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት።

"ቦቦ! እጅህን አታውርድ! በማማ ሞት... እጅህን አታውርድ!"

ካፒቴን አዘዙኝ ብዬ ማመካኘት እችላለሁ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ትከሻዬ ላይ ያረፈውን እጅ ፈራሁት። እሱ እንዲለቀኝ ስል...

አወረድኩ።

ሸራው ነፋስ ሞላ። ጩኸቱ ከኋላችን ብዙ ተከተለን። ከዚያ እየቀጠነ ሄደ።

ዞሬ ከኋላዬ የቆመውን አየሁት። ኦዝመንድ ነው። ዓይኑም፣ ጥርሱም፣ የአገጩ ጠባሳም። ልብሱ በውሃ በስብሷል። የቆመበት ጣውላ ግን ደረቅ ነው። አንዲት ጠብታ እንኳ የለም።

ጆሮ ግንዱን አየሁ። ጭረት የለውም።

"ግንዱ የት ጋ ነው የመታህ?" አልኩት።

ፈገግ አለ።

"የት ጋ ነበር የመታኝ?"

እየሮጥኩ ወደ ካፒቴን ሄድኩ።

"ካፒቴን፣ እንመለስ! በፈጠረዎት እንመለስ! ያኛው ነው ወንድሜ!"

"ዝም በል።" ወደ ኋላ አልዞሩም። "እኔም አይቻለሁ።"

"ታዲያ?!"

"ታዲያ ምን? ይሄን የት አባቴ ላድርገው? ብንመለስ አራት እንሆናለን። ሦስት ሆኖ ወጥቶ አራት ሆኖ የገባ ጀልባ አላውቅም።"

ያን ቀን ሽማግሌውን ጠላኋቸው። ራሴን ግን የበለጠ ጠላሁት፤ መሪውን ነጥቄ አላዞርኩምና።

መንደራችን ሲታይ እሱ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። አፉን ወደ ጆሮዬ አስጠጋ። ትንፋሽ የለውም።

"ቦቦ..." አለኝ። ስሙን ውሃ ውስጥ ከቀረው ሰው ጩኸት ነው የለቀመው። "እናታችን ማን ነበር ስሟ?"

ፊቴን ወደ ባሕሩ አዞርኩ።

"ሳንደርስ ንገረኝ።"

ነገርኩት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ... ነገርኩት።

እናታችን እንደ ሁልጊዜው አሸዋው ላይ ቆማ ትጠብቀናለች። ከእኔ ቀድሞ ዘለለ።

"ኡርሱሊን!" ብሎ ጠራት።

ኦዝመንድ በሕይወቱ ከማማ በቀር በሌላ ስም ጠርቷት አያውቅም። እሷ ግን ሳቀች። ቀልዱን ስለምታውቅ፣ "አይ አንተ ባለጌ!" እያለች ሄዳ አቀፈችው።

ትንፋሽ የማያነሳውን ጀርባውን ዳበሰችው።

ሳቋ ተቋረጠ።

በትከሻው ላይ አሻግራ አየችኝ። እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም።

"ወንድምህን የት ተውከው?" አለችኝ በሹክሹክታ።

እጄን ወደ ባሕሩ ዘረጋሁ።

ከእቅፉ ልትወጣ ገፋችው። አልተነቃነቀም። እኔ በአንድ በኩል፣ ካፒቴን በሌላ በኩል ይዘን ጎተትነው። የመንደሩ ሰው ሁሉ ወጥቶ ጎተተው...

ፀሐይዋ ጠለቀች። እሱ ግን አልለቀቃትም።