ባንኩ እምቢ ካለ

«ቀጣይ!» አለ ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠው ወጣት የባንክ ሠራተኛ።

ፅዮን ቼኩን በመስታወቱ ሥር አሳለፈችለት። አክስቷ እታፈራሁ ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ዓይኗን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ፅዮን ካልመራቻት ከሚኖሩባት ከመርሳ ከተማ አትወጣም። ዛሬ ወልድያ የመጡትም በዚሁ ዓይን ምክንያት ነው። ቼኩን የጻፈችው የፅዮን እናት ካናዳ ውስጥ ልጆቿን የምታሳድግላት ሴት ናት፤ ለማሳከሚያ ይሁን ብላ፣ በእታፈራሁ ስም።

እናቷ ከሄደች ስድስት ዓመት አልፏል። መጀመሪያ በየቀኑ ትደውል ነበር፤ በኋላ እሑድ እሑድ ሆነ። አሁን አሁን ፅዮንም የምታወራት ነገር እየጠፋባት «ደህና ነኝ፣ ትምህርትም ጥሩ ነው» ብቻ ትላለች። ትናንት ግን እናቷ አንድ ነገር ተናገረች። «ባንኩ እምቢ ካለ ሴትዮዋን አስፈቅጄ፣ ገንዘቡን ራሴ ይዤ እመጣለሁ።»

ፅዮን ሚኒባሱ ውስጥ መንገዱን ሁሉ በልቧ «እምቢ በሉ፣ እምቢ በሉ» ስትል ነው የመጣችው።

ሠራተኛው ቼኩን አገላብጦ አየ። ወደ ውስጥ ይዞት ገባና ተመለሰ።

«እንቀበላለን። የውጭ ቼክ ስለሆነ ግን ብሩ ዛሬ አይገባም፤ እዚያ ያለው ባንክ እስኪያረጋግጥ ሳምንታት ይፈጃል። ቼኩ የተጻፈላቸው ሰው መታወቂያቸውን ይዘው ይምጡና ጀርባው ላይ ይፈርሙ።» ቼኩን መለሰላት።

«ምን አሉሽ?» አለች እታፈራሁ የእግሯን ድምፅ ሰምታ። ፊቷ ከፅዮን ትንሽ ወዲያ ዞሯል።

«እምቢ አሉ» ብትል ማን ያጣራል? ፅዮን እናቷ መናኸሪያው ላይ ከአውቶቡስ ስትወርድ በዓይነ ሕሊናዋ ልታያት ሞከረች። ሻንጣው መጣላት፣ ነጠላው መጣላት፤ ፊቷ ግን እምቢ አለ። የሚታያት ስልኳ ላይ ያለው ፎቶ ብቻ ነበር።

እታፈራሁ እጇን ዘርግታ የፅዮንን ክንድ ፈለገች። አላገኘችውም፤ አየሩን ዳበሰች።

«ልጄ፣ አለሽ?»

«አለሁ እቴቴ» አለች ፅዮን እጇን ይዛ። «ይቀበላሉ። ተነሽ፣ ትፈርሚያለሽ።»

ሠራተኛው የእታፈራሁን ጣት የሚፈረምበት ቦታ ላይ አሳረፈላት። ስትፈርም ቼኩን ተቀብሎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው።

ውጭ ባጃጆች ይንጫጫሉ። ፅዮን አክስቷን ጥላ ሥር አስቀምጣ፣ ፈቀቅ ብላ ደወለች። እናቷ ጋ ገና ጠዋት ነው።

«እ፣ ምን አሉ?»

«ተቀበሉ።»

«ተመስገን! እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር እኮ። እንግዲህ የኔ መምጣትም ቀረ ማለት ነው።» እናቷ በእፎይታ ሳቀች።

«እማ...»

«ወዬ?»

«ባይቸግረንም ነይ።»

«ምን አልሽ?»

«ምንም ሳንቸገር ነይ። እኔን ለማየት ብቻ።»

 ከስልኩ ወዲያ ማዶ አንድ ትንሽ ልጅ ፅዮን በማታውቀው ቋንቋ እናቷን ይጣራል፤ ደጋግሞ ይጣራል። እናቷ አልመለሰችለትም። ትንፋሿ ይሰማል።

ፅዮን «ደህና ነኝ» ልትል ነበር። ተወችው። ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ቆማ ጠበቀች።