ጥቁሩን ሞተር ማን ነዳው?

አስከሬኑ ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ ከአንድ ቋጥኝ ጎን ተንጋሎ ተገኘ። ጥቁሩ ሞተር ብስክሌት አለፍ ብሎ በጎኑ ወድቋል። የሟቹ ሄልሜት ከራሱ አልወለቀም። የቀኝ እጁ ጣቶች የፍሬኑን መያዣ አሁንም እየጨበጡ ይመስል ተኮማትረው ቀርተዋል።

መርማሪዋ ተንበርክካ የፊት ፍሬኑን መያዣ ጫን አለችው። ያለ አንዳች መቋቋም እስከ እጀታው ድረስ ሰመጠ። ከጎማው አጠገብ ያለችው ትንሽ ቡሎን ላልታለች። የፍሬኑ ዘይት በዚያ ፈስሶ አልቋል።

«ተሰብራ ነው?» አለ አለቃዋ ከመንገዱ ዳር ሆኖ።

«አልተሰበረችም። ተፈታለች።»

ሟቹን ባልደረቦቹ «ሚዛን» ይሉት ነበር። ሥራው ለአንድ መጽሔት ክሩዘር የሚባሉትን ትላልቅ የረጅም መንገድ ሞተሮች እየነዱ ማወዳደር ነው፦ የትኛው በረጅም መንገድ ወገብ እንደማያደክም፣ የትኛው በኩርባ እንደሚታመን፣ የትኛው ያን ሁሉ ክብደት ተሸክሞ በቁልቁለት እንደሚቆም። በዚያ ጠዋት ሦስት ሆነው ወጡ። ሚዛን ቀዩን ነዳ። በቁመቱ የተነሣ «ሸንበቆ» የሚባለው ባልደረባው ግራጫውን ያዘ። ጥቁሩን የነዳችው ከሥራዋ ስታርፍ ከእነርሱ ጋር የምትወጣ አንዲት የጥርስ ሐኪም ነበረች። ከተራራው አናት ላይ ሻይ ጠጡና እንደ ልማዳቸው ሞተር ተለዋወጡ። ጥቁሩ ለሚዛን፣ ቀዩ ለሸንበቆ፣ ግራጫው ለሐኪሟ ደረሰ። በመጨረሻው ዙር ጥቁሩ የሸንበቆ ተራ ይሆን ነበር። የመጨረሻው ዙር ግን አልመጣም።

ሞተሮቹን ለጉዞው ያዘጋጀው የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው። መካኒክ ነው። በዋዜማው ወንድማማቾቹ በጋራዡ ውስጥ ሲጨቃጨቁ ጎረቤት ሰምቷል። መርማሪዋ ራሷ አሰረችው።

«በዚህ ብረት ላይ ትሞታለህ ብለኸዋል?»

«ብዬዋለሁ።»

«ለምን?»

«ወንድሜ ነዋ! ወጥቶ እስኪመለስ እናታችን እህል አትቀምስም። ተው አልኩት። ተው ማለት መግደል ነው?»

«ቡሎኗን ያጠበቃት ማነው?»

«እኔ።»

«ሌላ የነካት ሰው አለ?»

«በኔ ጋራዥ ማንም አልነካትም።»

መርማሪዋ መልሱን ጻፈች። ይህ ሰው ለማምለጫ የምትሆነውን ቀዳዳ ሁሉ በገዛ እጁ ይደፍናል። ወይ ንጹሕ ነው፣ ወይ መኖር ታክቶታል።

እናቲቱ በኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ስታልፍ እጅጌዋን ያዙ።

«አንዱን አፈር አለበስኩ። ሁለተኛውን ደግሞ አንቺ ልትቀብሪልኝ ነው?»

«እማማ፣ እኔ የምፈልገው እውነቱን ነው።»

«ፈልጊ፣ ልጄ። ግን ፈጠን በይ። ሌላ ልጅ የለኝም።»

አለቃዋ ግን ቸኩሏል። «ዛቻ አለ፣ እጁ አለበት፤ ምን ቀረሽ? ነገ ፋይሉን ለዐቃቤ ሕግ አስረክቢ።»

«ሁለቱን ባልደረቦች ሳልሰማ አላስረክብም።»

መጀመሪያ የጥርስ ሐኪሟ መጣች። ዓይኖቿ አብጠዋል።

«ጥቁሩን ሲነዱት ፍሬኑ እንዴት ነበር?»

«እንደ ምላጭ። ሁለት ጣት ይበቃው ነበር። የኔ ታካሚዎች መርፌ ሲያዩ እንኳ አፋቸውን እንዲያ ቶሎ አይዘጉም።» ፈገግ ልትል ሞከረችና ፊቷ ተበላሸ።

«ይህን ለሌሎቹ ነገሯቸው?»

«አይነገርም። ሁላችንም ሁሉንም ነድተን ሳንጨርስ ስለ ሞተር ቃል አይወጣም። የሚዛን ሕግ ነው። የአንዱ አፍ የሌላውን ፍርድ ያበላሻል ይላል።» ራሷን አረመች። «ይል ነበር። ሸንበቆ እንኳ፣ አዲስ ሞተር ላይ ሲወጣ ሰልባትዮውን፣ የነዳጅ ታንኩን፣ እንደ ፈረስ ቸብ ቸብ ያደርገዋል እንጂ ትንፍሽ አይልም።»

ሸንበቆ ከሰዓት በኋላ ገባ። ሐዘኑ እንደ ልብሱ የተተኮሰ ነበር።

«ማንን ይጠረጥራሉ?» አለችው።

«እህቴ፣ እኔ በሰው ላይ ጣት አልቀስርም። ግን መካኒኩ ቸልተኛ ነው። የጥቁሩ የፊት ፍሬን ሰፍነግ ነበር እኮ! ጫን ስትዪው ይሰምጣል። እንዲህ ያለ ሞተር ለሰው ይሰጣል?»

መርማሪዋ ብዕሯን አስቀመጠች።

«መቼ ነዱት?»

«ምኑን?»

«ጥቁሩን።»

«እ... አልነዳሁትም። ሐኪሟ ናት የነገረችኝ።»

«የት?»

«ሻይ ላይ።»

«ሚዛን አብሯችሁ ነበር?»

«አዎ፣ ሦስታችንም ነበርን።»

«እንግዲያው ሚዛን ፍሬኑ እንደሚሰምጥ በጆሮው ሰምቶ፣ ተነሥቶ እዚያው ሞተር ላይ ወጣ። ቁልቁለት ሊወርድበት።»

ሸንበቆ ከወንበሩ ተነሣ።

«ደግሞስ ማስረጃ አለሽ?» አለ።

ወደ ግቢው አወጣችው። ቀዩ ሞተር ከግንቡ ሥር ቆሟል፤ ከሻዩ በኋላ ሸንበቆ የነዳው ነው። በሰልባትዮው ላይ ቀለሙ እንደ ተቃጠለ ቆዳ ኩፍ ብሏል። ቅርጹ የመዳፍ ቅርጽ ነበር።

«የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላል» አለች መርማሪዋ። «ጓንትዎን አጥበውታል። ይህን ግን ማጠብ አልተቻለም።»

ሸንበቆ እዚያው ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠ።

ቀስ እያለ ተናገረ። ባለፈው ዓመት ስለ አንድ ግዙፍ ክሩዘር ጽፎ ነበር፦ በኩርባ ቢያጋድል የእግር ማሳረፊያው መሬት አይነካም፣ በልበ ሙሉነት ይነዳል ብሎ። ሞተሩን ግን አልነዳውም። በዚያ ሳምንት ታሞ ተኝቶ ነበር፤ አልነዳሁም ማለት አፈረና ከሻጩ ወረቀት አይቶ ፈረደ። አንድ ወጣት ቃሉን አምኖ ገዛው። ኩርባ ላይ ብረቱ አስፋልቱን ፈግፍጎ ጎማውን አነሣው፤ ወጣቱ ሞተ። በቅርቡ ሚዛን ያንኑ ዓይነት ሞተር ነዳ። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ብረቱ ሲጮህ ሁሉም ገባው።

«ለአንባቢውም ለልጁም ቤተ ሰብ ራስህ ተናገር አለኝ። ካልተናገርክ እኔ እጽፈዋለሁ አለኝ። ሃያ ዓመት የገነባሁትን ስም...»

«ስለዚህ ሻይ ላይ ሳላችሁ፣ ሐኪሟ እንደነገረችኝ፣ መነጽሬን ረሳሁ ብለው ወደ ሞተሮቹ ተመለሱ።»

«ቡሎኗን በትንሹ ነው የፈታኋት። መያዣው መላላት ሲጀምር ተውኩት። ሚዛንን አውቀዋለሁ። ፍሬኑ ቢለሰልስበት እንኳ የሞተሩ ጠባይ ነው ብሎ ለፍርዱ ያቆየዋል እንጂ ወርዶ አይጠይቅም።»

ሁለት ጊዜ ባልነዳው ሞተር ላይ መሰከረ። የፊተኛው ምስክርነት አንድ ወጣት ገደለ። የኋለኛው እሱን አስያዘ።

መካኒኩ በዚያው ዕለት ተፈታ። እናቱ አላለቀሱም፤ ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው አገላብጠው አዩት፣ እንደ ተሰበረ ዕቃ። ከዚያ ወደ መርማሪዋ ዞሩ።

«ስለ ምን ገደለው?»

ነገረቻቸው። አንዲትም ነገር አልደበቀችም። እናቲቱ እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«ያ ፊት የሞተው ልጅ... እናት አለችው?»

«አለችው፣ እማማ።»

«ታውቃለች?»

«አታውቅም። ልጇ በገዛ ጥፋቱ እንደሞተ ነው የነገርናት።»

እናቲቱ ነጠላቸውን አስተካክለው የልጃቸውን ክንድ ተመረኮዙ።

«በይ ወደ እሷ ምሪን» አሉ። «ይህን ከፖሊስ አትስማው።»