በእርሳስ የተሞላ ጉንጭ

ጦርነቱ በተጀመረ በሦስተኛው ዓመት፣ በመጋቢት ወር መባቻ፣ ከተማይቱን ለሁለት የሚከፍለው ወንዝ በበልግ ዝናብ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር፤ ወዲህና ወዲያ ያለውን ሕዝብ የሚያገናኘውም አንድ የብረት ድልድይ ብቻ ነበር። በወዲህኛው ዳር፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ጀርባ፣ ጣሪያው መስታወት የሆነ ፎቶግራፍ ቤት ቆሞ ነበር፤ በዚያም ቤት ከተማው «እርሳሱ» እያለ የሚጠራው የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ይሠራ ነበር።

ስሙ የወጣለት በቅጥነቱም በሥራውም ነው። በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ የሚነሣው በመስታወት ላይ ነበርና፣ እርሳሱ ጌታው ያነሣውን መስታወት በመስኮቱ ብርሃን አስደግፎ፣ በሾለ እርሳስ ነጥብ በነጥብ እየነካካ የሹማምንቱን ሽብሽባት፣ የወይዛዝርቱን ማድያት፣ የነጋዴውን የፊት ኪንታሮት ያጠፋ ነበር። ስድሳ ዓመት የሞላው የግምጃ ቤት ሹም ከእርሳሱ እጅ ሲወጣ አርባም አይሞላው። ከተማው በሙሉ ከገዛ ፊቱ የተሻለ ፊት ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ይኖር ነበር፤ ስለዚህ ማንም ደፍሮ ይህን ሙያ አይንቅም፤ የሚናቅ ቢኖር ባለሙያው ነበር።

እርሳሱ እጮኛ ነበረችው። ለጦሩ ካፖርት የምትሰፋ፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ ልጅ ነበረች፤ በልጅነቷ የጋለ ካውያ የነካው የግራ ጉንጯ ላይ የአውራ ጣት ያህል የጠቆረ ጠባሳ ነበረባት። እሷ ጠባሳውን ከረሳችው ቆይታለች። እርሳሱ ግን አንድ ቀን አልረሳውም፤ ስለ እሷ አዝኖ ቢሆን እንኳ ደግ ነበር። እሱን የሚያንገበግበው የሰው ሐሜት ነው፤ «ይህ ደረተ ጠባብ ደህና ሴት መች ታየዋለችና! ሌላው የተዋትን አነሣ» ይሉኛል እያለ ይብሰለሰል ነበር። ማንም ይህን አላለም። ከተማው ስለ እርሳሱ ለማሰብ ጊዜም አልነበረው።

በተጫጩ በሰባተኛው ወር ጌታው እሷን በነጻ አነሣለት። እርሳሱ ያን መስታወት ሦስት ቀን ሙሉ አጎንብሶበት ዋለ፤ ሲጨርስ ጠባሳ የሚባል አልነበረም። አትሞ መንገድ ዳር ባለው መስኮት ሰቀለው። እሷ ከሥራ ስትመለስ አየችውና ቆመች።

«ይቺ ደግሞ ማናት?» አለችው።

«አንቺ ነሽ እንጂ!»

«እህት ብትኖረኝ ትመስላት ይሆናል። ጠባሳዬ አሳፈረህ እንዴ?»

«ኧረ ምን በወጣሽ! የሥራው ደንብ ነው፤ ለሁሉም እንዲህ ነው የምናደርገው።»

ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው ይህን ያለው። እሷም ትወደው ነበርና አመነችው፤ ሰው ሲወድ እንዲህ ቂል ይሆናል።

ከዚያ በኋላ እርሳሱ ደረቱን ነፍቶ መሄድ ጀመረ። በትምህርት ቤት ያሾፍበት የነበረውን፣ አሁን የይለፍ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ የሆነውን ጓደኛውን ወደ መስኮቱ ወስዶ «ያቺን አየሃት? የእኔ ናት» አለው። ጸሐፊው ልጅቱን በአካል አይቷት አያውቅም። እርሳሱም እንዲያያት አልፈለገም።

በዚያው ወር መጨረሻ የጦር አዛዡ አዋጅ አስነገረ፤ ፎቶግራፍ የተለጠፈበት ይለፍ ያልያዘ ማንም ሰው ድልድዩን አይሻገርም፤ ከመጪው ሐሙስ የፀሐይ መጥለቂያ በኋላ ደግሞ ድልድዩ ለሁሉም ይዘጋል ተባለ። በማግስቱ ከወዲያኛው ዳር መልእክት መጣ። የልጅቱ እናት ሕመም ጠንቶባቸዋል፤ «ልጄን ሳላይ አልሙት» እያሉ ነው።

ልጅቱ እየሮጠች፣ ጌታው በሌለበት ሰዓት፣ ፎቶግራፍ ቤት ገባች። «በል ቶሎ አንሣኝ፤ እንዳለሁ፣ ከነጠባሳዬ።»

ከኋላው መደርደሪያ ላይ ያልተነኩ አሥራ ሁለት መስታወቶች ነበሩ። እርሳሱ ግን ያ ጸሐፊ እውነተኛውን ፊት አይቶ ሲስቅ ታየውና፣ «መስታወት አልቋል» አላት። «የመስኮቱን ወስጄ ይለፉን ራሴ አስመታልሻለሁ፤ አንቺ ሥራሽን ጨርሺ።» ጸሐፊውም የጓደኛውን ቃል አምኖ ማኅተሙን አሳረፈበት።

ሐሙስ ቀትር ላይ፣ ልጅቱ በድልድዩ አፍ ተሰልፋ ተራዋ ሲደርስ፣ ዘበኛውን የሚያዘው ሻምበል ወረቀቱንና ፊቷን እያፈራረቀ ተመለከተ።

«ይህ የሌላ ሰው ይለፍ ነው» አላት።

«የእኔ ነው ጌታዬ! ፎቶግራፉን የሠራው ሰው መጥቶ ይመስክርልዎት።»

«አምጪዋ። ፀሐይ ሳትጠልቅ።»

ሄዳ አመጣችው። በመንገድ ላይ እጁን ይዛ፣ «አንድ ቃል ብቻ ነው የምትለው፤ እኔ ነኝ ያጠፋሁት በል» አለችው። እሱም እሺ አለ። እዚያ ሲደርሱ ግን መቶ ያህል ሰው ቆሟል፤ በሻምበሉ ጎን፣ መዝገብ ዘርግቶ፣ ያ ጸሐፊ ተቀምጧል። ጸሐፊው ልጅቱን አየና ቀና ብሎ እርሳሱን ተመለከተው።

«ይህን ያበላሸኸው አንተ ነህ?» አለ ሻምበሉ።

«አዎን ጌታዬ።»

«ስለምን?»

«አፈርኩ» ማለት ነበር የቀረው፤ አራት ፊደል። እርሳሱ ግን ወደ ጸሐፊው አየ። «እሷ ናት የለመነችኝ፣ ጌታዬ። ጠባሳዬን አጥፋልኝ ብላ አለቀሰችብኝ።»

ማልቀስን ማንም አልጠየቀውም፤ ከራሱ ጨምሮ ነው። ሰልፈኛው በሳቅ ፈነዳ፤ ጸሐፊውም ሳቀ፤ አንዲት አሮጊት ብቻ «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ሻምበሉ ፈገግ ብሎ ወደ ልጅቱ ዞረ።

«እውነት ነው የሚለው?»

ልጅቱ እርሳሱን አየችው። «ውሸት ነው» ብትል ምስክሩ ይፈርሳል፣ ይለፉም ውድቅ ነው፤ እናቷም ወዲያ ማዶ ናቸው።

«እውነት ነው ጌታዬ» አለች። «አልቅሼ ለምኜው ነው።»

«የሴት ነገር!» አለ ሻምበሉ፤ በይለፉ ጀርባ ላይ «በግራ ጉንጯ ጠባሳ አለባት» ብሎ ጻፈና አሳለፋት።

እርሳሱ፣ ምስክርነቱ ሠርቶ በማየቱ ደስ ብሎት፣ ጓዟን ሊያቀብላት ቀረብ አለ። «አየሽ? ተሳካልን» አላት።

«እውነት ነው ያልኩት እናቴ ጋ እስክደርስ ብዬ ነው» አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ። «እንዳትጠብቀኝ። ብመለስም ወዳንተ አልመለስም።» ጓዟን ነጥቃው ሄደች።

እናቷ ዘጠኝ ቀን በሕይወት ቆይተው በልጃቸው እጅ ላይ ዐረፉ፤ ይህን የጻፈ የለም። ድልድዩ በሰኔ በመድፍ ፈረሰ፤ ይህስ በስፋት ተጽፏል። ልጅቱ በወዲያኛው ዳር ልብስ እየሰፋች ቀረች፤ ማን እንዳገባትና ስንት እንደወለደች የሚያውቅ የወዲህኛው ዳር ሰው አልነበረም።

ሻምበሉ ግን ኮሎኔል ሆኖ ጡረታ ወጣና የጦርነት ትዝታውን በመጽሐፍ አሳተመ። ስለ ድልድዩ በሚተርከው ምዕራፍ ውስጥ፣ አገር ሲነድ ለጠባሳዋ ስላለቀሰች አንዲት ከንቱ ቆንጆ አንድ ገጽ ሙሉ ነበር፤ መምህራን ለተማሪዎቻቸው ያነቡላቸው፣ ሰባኪዎችም የከንቱ ውበት ምሳሌ ያደርጓት ጀመር። ታሪክ የሚጽፈው የሰማውን ነው፤ በዚያ ሐሙስ ደግሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ የተናገረው ውሸታሙ ነበር።

እርሳሱ በዚያን ጊዜ የፎቶግራፍ ቤቱ ባለቤት፣ ባለ ቦርጭና ባለ ከዘራ ሆኖ ነበር። በከተማው የንባብ አዳራሽ ኮሎኔሉ ራሱ ያን ገጽ አንብቦ፣ «ምስክሩ እነሆ እዚህ አለ! እንዲህ አልነበረም ወይ?» ብሎ ጠየቀው። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ውሸቱን ለማቅናት ያ ሁለተኛው ዕድል ነበር፤ ለሕይወቱ የሚያሰጋው ነገርም አልነበረም።

«ኧረ እንዲያውም መሀረቧ በእንባ ርሶ ነበር!» አለና ሆዱን ይዞ ሳቀ።

በመጽሐፉ ሁለተኛ እትም ላይ መሀረቡም ገባ።